ጥጡና ተረከዙ

ጫማ መጠገን ማንም አላስተማረኝም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ «ከማን ተማርህ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ነው። ቤተሰባችን አዲስ ዓለም ሰፈር ከቅድመ አያቴ ጀምሮ ጨርቅ ነጋዴ ነው። እኔ ግን በልጅነቴ አንድ የተጣለ የወታደር ጫማ አገኘሁና በወስፌ ፈታሁት። ሶሉን፣ ገበሩን፣ ተረከዙን ለያይቼ መሬት ላይ ደረደርሁ፤ ከዚያ መልሼ ሰፋሁት። ሁለት ጊዜ ተበላሸብኝ። በሦስተኛው አባቴ ተጫምቶት ገበያ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ አራዳ ገበያ ጥግ ላይ ተቀምጬ የጎንደርን ሰው እግር ሳይ ኖሬአለሁ። አንድ ሰው በሱቄ በር ሲያልፍ ኮቴውን ሰምቼ የትኛው ሶሉ እንደሳሳ እናገራለሁ። ማንበብም ቢሆን ራሴ ነኝ የተማርሁት፤ ስኳርና ሻይ ቅጠል ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ። ይህን የምጽፈውም በዚያው ትምህርት ነው።

የምጽፈው በእጄ ሳልነካው፣ በፎቶ ብቻ አይቼ ስለመረጥሁት አንድ ጥንድ ስኒከር ነው። ስኒከሩ የእኔ አልነበረም፤ የአንድ የአቋቋም መምህር ነበር።

እኔ ሙስሊም ነኝ፤ እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው። ቁስቋም ሰፈር ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ይኖራሉ። ጫማቸውን ስጠግን ኖሬአለሁና ጓደኛሞች ሆነናል። ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ትውልዳቸው ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ነው፤ ተማሪም ከዚያ ድረስ እየተጓዘ ይመጣላቸዋል። አቋቋም ማለት ካህናቱ መቋሚያ ይዘው፣ ከበሮውን ተከትለው፣ በእግራቸውና በትከሻቸው ዜማውን የሚያስኬዱበት ሥርዓት ነው። ትምህርቱ ግማሹ በአፍ ነው፤ ግማሹ በእግር። የኔታ እግራቸው መሬቱን ሲረግጥ አይቶ ነው ተማሪው የሚማረው።

ያ እግር ታመመ። ስኳር በሽታ ነበረባቸው፤ አንድ ቀን ቀኝ እግራቸው ላይ ጠጠር ገብታ ውላ አድራ ሳይታወቃቸው ቀረ፤ እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቶ ነበር። ትንሿን ጣታቸውን ሆስፒታል ቆረጧት። የወጡ ቀን እኔም ነበርሁ። ዶክተሩ አጠገባቸው ተቀመጠና፣ «የኔታ፣ ሁለተኛ ቁስል ከወጣ ጣት አይደለም የምንቆርጠው» አላቸው። ከዚያ እጁን ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ አስቀመጠ።  

የታዘዘላቸው ጫማ ይህ ነበር፤ ፊቱ ሰፊ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ጣት የሚነካበት ቦታ ላይ ምንም ስፌት የሌለበት፣ ሶሉ ወፈር ያለ ስኒከር። በባዶ እግር መሄድ ክልክል። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ማውለቅ ግድ ስለሆነ እዚያ በወፍራም ካልሲ እንዲቆሙ ተፈቀደላቸው። እኔ ልሰፋላቸው አስቤ ነበር፤ ግን እንዲያ ያለውን ሶል በእጅ መሥራት አይቻልም፤ የማልችለውን እችላለሁ ብዬ አላውቅም።

ሴት ልጃቸው ማራኪ ግቢ ተማሪ ናት። ገበያውን ሁሉ ዞረች፤ የከተማችን ሱቅ የሚያመጣው ጫፉ ሾጠጥ ያለውን ነው። አንድ ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ሱቄ ገባች።

«አያ፣ አባቴ አልላኩኝም፤ ራሴ ነኝ የመጣሁት» አለችኝ።

«ምነው፣ እግራቸው ምን ሆነ?»

«እግራቸው ደህና ነው። ደህና እንደሆነ እንዲቆይ ነው የመጣሁት።»

ስልኩን አሳየችኝ። አዲስ አበባ ያለ ሻጭ በኢንተርኔት ጫማ ይሸጣል። መጀመሪያ ፎቶ ይልካል፤ ገዢው አይቶ «ተቀብያለሁ» ካለ ዕቃው ይጫናል። አንዴ ከተቀበሉ በኋላ መመለስ የለም። በየኔታ ቁጥር የቀረው ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ አንድ ጥቁር፣ አንድ ግራጫ። ሌላ ፈላጊም አለ፤ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት መልስ ካልሰጠን ለዚያኛው ይሰጣል።

«ልጄ፣ ጫማ በፎቶ አይመረጥም» አልኋት።

«ለሌላ ሰው አይመረጥም። ለእርስዎ ግን ይመረጣል ብዬ ነው።»

ደስ አለኝ ብል አላፍርም። እውነትም ነበር።

እኔ ጫማ ስመረምር መጀመሪያ አሸተዋለሁ፤ ማስቲሹ ርካሽ ከሆነ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ከዚያ አጥፈዋለሁ፤ ከዚያ እንደ ጨርቅ እጠመዝዘዋለሁ፤ በመጨረሻ አውራ ጣቴን ውስጡ ከትቼ ስፌቱን እዳስሳለሁ። ፎቶ ሽታ የለውም። አይታጠፍም። ስለዚህ የእኔን እጅ ሥራ አዲስ አበባ ያለው ሰው እጅ እንዲሠራው ማድረግ ነበረብኝ። ይህን ያሰብሁት እዚያው ቆሜ፣ ማንም ሳይነግረኝ ነው።

የመጀመሪያው ፎቶ ሲመጣ አንድ ጊዜ አየሁና፣ «ይህ ጫማ እሱ ዘንድ የለም» አልኋት።

«እንዴት አወቁ?»

«ጥላ የለውም። መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር ጥላ ይጥላል። ይህ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ሥዕል ነው።»

ድምፅ ቀርጸን ላክንለት። ጫማውን ራሱ ባንኮኒ ላይ እንዲያደርግና አጠገቡ ክብሪት እንዲያስቀምጥ ነገርሁት። ክብሪቱን የፈለግሁት ለልኬት ነው። የየኔታን እግር ቀደም ብዬ ካርቶን ላይ በእርሳስ አስምሬው ነበርና፣ ፎቶው ላይ የጫማው ፊት ስንት ክብሪት እንደሚሰፋ ቆጥሬ ከካርቶኑ ጋር ላስተያየው ነው። ሻጩ ወጣት ነው፤ በድምፅ መለሰ፤ እየሳቀ ነበር።

«ፋዘር፣ እንዴት ነቁብኝ? እሺ፣ አሁን አነሳዋለሁ።»

ጥቁሩ ጫማ ባንኮኒው ላይ ሆኖ መጣ። ስፋቱ ልክ ነበር። ልጅቷ «ተቀበልን ልበል?» ብላ ጣቷን አዘጋጀች።

«ቆይ። ሶሉን አየሽው?»

የግራው ሶል ነጭ ነበር፤ የቀኙ ወደ ቢጫ የሄደ። ቀኙ መስኮት ላይ ለዕይታ ከርሟል ማለት ነው። ፀሐይ የበላው ሶል ላዩ ደህና ይመስላል፤ ሲረገጥ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። የታመመው እግር ደግሞ ቀኙ ነው። እንዲህ ብዬ ላክሁበት።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ፋዘር፣ ጫማ ነው የሚገዙት ወይስ ልጅ ሊድሩለት ነው? ሰባት ቤት ሊቆጥሩበት ነው እንዴ?»

«ልጅ ብድርለት እንዲህ አልጨነቅም ነበር» አልሁት። «ልጅ ቢከፋት ወደ ቤቷ ትመለሳለች። እግር ከሄደ አይመለስም። ግራጫውን አሳየኝ።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ ወዲያው ሳቋን ተወችው። አስር ሰዓት አልፏል። የሰፈሩ መብራት በዚያው መሐል ጠፋ። ስልኳ የቀረው ቻርጅ ከመቶ አስራ አራት ነበር። ኔትወርኩም ከበደ፤ የግራጫው ፎቶ ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ በጥቂት በጥቂቱ ይከፈት ጀመር። የማሰሪያው ቀዳዳ ታየ፣ ምላሱ ታየ፣ ከዚያ ቆመ።  አልሄደም።

የአስር ሰላት ሊያልፈኝ ስለሆነ ወደ መስጊዱ ሮጥሁ። ሰግጄ ስወጣ ተረከዜን እንኳ በወጉ ሳላስገባ ጫማዬን እየጎተትሁ ተመለስሁ። ፎቶው ተከፍቶ ነበር።

ግራጫው ሸጋ ነበር። ሁለቱ ሶሎች አንድ ቀለም፣ ክሩ አንድ ዓይነት፣ ማስቲሹ ያልፈሰሰ። አሁን የቀረው ውስጡ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ካሜራ ቢያስገባበትም ሸካራና ለስላሳ አይለይም። የደነዘዘ እግር የሚያቆስለው ደግሞ ዓይን የማያየው ሸካራ ነው። ያን ጊዜ ጥጥ ትዝ አለኝ። ጥጥ ሸካራ ነገር ላይ ሲጎተት ይያዛል፤ ብጫቂው ይቀራል። ብጫቂው ደግሞ ፎቶ ላይ ይታያል።

«ልጄ፣ ይህን በይው። ጥጥ ይዞ እጁን ጫማው ውስጥ እስከ ጣት ድረስ ይስደድ። ዙሪያውን ይሳበው። ከዚያ ጥጡንም የጫማውንም ውስጥ በባትሪ አብርቶ ያንሳ። ለሁለቱም እግር።»

«አያ፣ ይሰድበናል።»

«ይስደበን። ስድብ ቁስል አያወጣም።»

አልተሳደበም። ዝም አለ። ያ ዝምታ ከስድቡ ከፋብኝ። አስራ አንድ ሰዓት ሆነ። አስራ አንድ ተኩል ሆነ። ቻርጁ ሰባት ቀረ። ልጅቷ በየደቂቃው ስልኩን ታበራና ታጠፋለች፤ እኔ አታብሪው እላታለሁ፤ ራሴ ደግሞ «እስቲ እይው» እላለሁ። ለሌላው ገዢ ሸጦት ይሆን? አባቷ በማግስቱ ጠዋት በዚያ በአሮጌው ጫማ ወደ ማኅሌት ይሄዳሉ፤ ሁለታችንም እሱን ነበር የምናስበው፤ አልተነጋገርነውም እንጂ።

ለአስራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። ሁለት ፎቶ። በቀኙ ጫማ ውስጥ ምንም የጥጥ ብጫቂ የለም። ግራውም እንዲያው። ጥጡ ባንኮኒው ላይ ሳይበጣጠስ ድፍን ሆኖ ተቀምጧል። ከሥሩ ድምፅ ነበር፤ «ፋዘር፣ ጥጥ ፍለጋ ፋርማሲ ድረስ ሄድሁልዎ። ከዚህ በኋላ ግን ሐኪም ጥራ አይበሉኝ።»

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት፤ የተረከዙን ግድግዳ በአውራ ጣቱ ጫን ብሎ እንዲያነሳልኝ። በእኔ ሙያ ጥሩ ጫማ ተረከዙ ጠንካራ ነው፤ ስትጫነው አይሰምጥም፤ እግርን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ፎቶው መጣ። አልሰመጠም። እንደ ጣውላ ቀጥ ብሏል።

«ተቀበልን በይው» አልኋት።

ጻፈች። «ተጭኗል» የሚለው መልስ ገብቶ አንብበን ሳንጨርስ ስልኩ ጠፋ። ልጅቷ ከዱካዬ፣ ከመሥሪያ በርጩማዬ ላይ፣ ተቀመጠችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እያለቀሰች ነበር መሰለኝ።

ጫማው ሲደርስ በእጄ መረመርሁት። ያልሁት ሁሉ እንዳልሁት ነበር፤ በፎቶ ያየሁትን እጄ አንድም አላረመውም። ከእኔ በፊት እንዲህ ያደረገ ጫማ ሰፊ በጎንደር አለ ቢሉኝ አላምንም። ቁስቋም ወስጄ አስጫማኋቸው። የኔታ እግራቸውን ዘርግተው ግራጫውን አዩትና፣ «እንግዲህ በስተርጅና ኳስ ተጫዋች ልሆን ነው?» አሉ።

«አጥቂ ይሆናሉ፣ የኔታ» አልኋቸው።

«አይ ወንድሜ፣ በረኛ። ቆሞ መዋል ነው የለመድሁት።»

ቆመው ሁለት ሦስት ጊዜ መሬቱን ረገጡ። ልጃቸው ዓይኗን ከእግራቸው ላይ አላነሳችም። እኔ በዚያ ቀን ሥራዬን ጨርሻለሁ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

አልጨረስሁም ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ ይሆናል፤ እኔም የሚነካ ስልክ ገዝቼ፣ አጠቃቀሙን በሦስት ቀን ራሴ ተምሬ፣ ፎቶ መቀበል ጀምሬ ነበር። ልጅቷ አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የኔታ ከዛፍ ሥር መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ተማሪዎቻቸው ከፊታቸው አሉ። ከሥሩ «የእርስዎ ጫማ ሲያስተምር» ብላ ጽፋለች። ሌላ ሰው ቢሆን ፊታቸውን ያያል። እኔ በልማዴ ወደ ጫማው ወረድሁና በሁለት ጣቴ አሰፋሁት።

የተረከዙ ግድግዳ ወደ ውስጥ ታጥፏል። የኔታ ጫማውን ኋላውን ረግጠው፣ እንደ ሸበጥ ነበር የሚሄዱበት።

 አንድ ጊዜ ባየሁት ፎቶ ሁሉ ነገር ገባኝ። ካህን ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በቀን ስንት ጊዜ ያወልቃል፣ ስንት ጊዜ ያጠልቃል። ዕድሜ አለ፤ ወገብ አይታጠፍም። ማሰሪያ የሚፈታ፣ ተረከዝ በጣት የሚያስገባ ማን አለ? ረገጥ አድርጎ መሄድ ነው። ያ እኔ ያሞገስሁት፣ እንደ ጣውላ የጠነከረ ተረከዝ ታጥፎ ጠርዙ ከእግራቸው ሥር ገብቷል ማለት ነው። በደነዘዘ እግር፤ ወር ሙሉ።

ሱቁን ሳልዘጋ ባጃጅ ያዝሁ። ልጅቷ ማራኪ ግቢ ነበረች፤ ደወልሁላት።

«ተረከዛቸውን አይተሻል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ ጣቶቻቸውን አያለሁ። ደህና ናቸው።»

«ጣት አላልሁም፤ ተረከዝ።»

 «ካልሲው ወፍራም ነው፣ አያ፤ ጣታቸው ጋ ብቻ ነው የምገልጠው» አለች። «እየመጣሁ ነው።»

ሁላችንም የተቆረጠው ጣት ጎን ያለውን ስንጠብቅ ኖረናል። ማንም ወደ ኋላ አላየም።

የኔታ ቤት ደረስሁ። በራፉ ላይ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል የራሴን ተረከዝ አየሁት። ተረግጦ፣ ተጨማድዶ፣ እንደ ወረቀት ሳስቷል። በቀን አምስት ጊዜ መስጊድ ደጃፍ ላይ ጫማ የማወልቅ ሰው ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ኋላውን ረግጬ ነው የኖርሁት፤ የምጠግነውን ጫማ ሁሉ ተረከዙን እያቃናሁ፣ የራሴን እየረገጥሁ። ከሐኪሙም፣ ከሻጩም፣ ከልጅቷም በፊት ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርሁ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እውነት ስለሆነ ጻፍሁት።

«የኔታ፣ እግርዎን ያሳዩኝ።»

«ምነው ወንድሜ፣ በዚህ ሰዓት? አያመኝም እኮ።»

«አያምዎትም። እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ቀኝ እግራቸውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ካልሲውን ቀስ ብዬ ወደ ታች ጠቀለልሁት። ተረከዙ ጋ ሲደርስ አልሄድ አለ። ተጣብቋል። ውኃ አርጥቤ ጠበቅሁ። የኔታ ከላይ ሆነው ያዩኛል፤ እኔ ቀና አላልሁም። ካልሲው ሲለቅ ከተረከዙ በታች የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የተላጠች ቦታ አየሁ። ቀላ ብላለች፤ ዙሪያዋ ግን አልጠቆረም። ሽታም የላትም። አሸተትኋት፤ በማሽተት አልታማም።

«ትልቅ ነው?» አሉኝ።

«ትንሽ ነው።»

«ያኛውም ሲጀምር ትንሽ ነበር» አሉ፤ ከዚያ መቋሚያቸውን ፈልገው ያዙት፤ ሊነሱ አይደለም፤ ለመያዝ ብቻ።

ልጅቷ ስትደርስ በዚያው ባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ዶክተሩ ያው የመጀመሪያው ነበር። ተረከዙን እያገላበጠ ረጅም ጊዜ አየ። ልጅቷ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ እጅጌዬን አልፎ ቆዳዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። «ማን ነው ያገኘው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «በፎቶ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሳምንት ቢቆይ ሌላ ወሬ እናወራ ነበር። አሁን ግን ሥጋው ጤነኛ ነው። በየሁለት ቀኑ ይጠረጋል፤ አይረገጥበትም። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

«እናያለን» የምትለዋ ቃል ስድስት ሳምንት ቆየች። የኔታ አልጋ ላይ ሆነው በአፋቸው ብቻ አስተማሩ፤ ተማሪዎቹ ከአልጋው ፊት ቆመው ይረግጣሉ፤ እሳቸው «አይ፣ አይደለም፣ እንዲህ» ይሉና እግራቸውን ሊያሳዩ ብለው ይተዉታል። ያን ማየት አልቻልሁም፤ በሦስተኛው ቀን ጫማውን ይዤ ወደ ሱቄ ሄድሁ።

የተረከዙን ጠንካራ ግድግዳ በምላጭ ከፍቼ አወጣሁት። በምትኩ ለስላሳ የበግ ቆዳ በሁለት እጥፍ አስገባሁ፤ ስፌቱን በውጭ በኩል አደረግሁት። የማሰሪያውን ክር አውጥቼ ሰፊ ላስቲክ ሰፋሁበት፤ እግር ሲገባ ይለጠጣል፣ ከገባ በኋላ ይሰበሰባል። ከበሬ ቀንድ ደግሞ እንደ ረጅም ማንኪያ አድርጌ ሞረድሁ፤ ቁመቱ እስከ ጉልበት፤ ቆመው፣ ሳይጎነበሱ፣ ተረከዛቸውን አንሸራተው የሚያስገቡበት። ጥጥም አሳለፍሁበት፤ በውስጡም፣ በቀንዱም ጫፍ። አልያዘም። ያን ጫማ የሠራው ፋብሪካ እንኳ ቢያየው ይቀናብኛል።

ቁስሉ ደረቀ። እግሩ ቀረልን። በሰባተኛው ሳምንት የኔታ ቆመው ለማስተማር ወጡ፤ ልጃቸው ትምህርቷን ትታ መጣች፤ እኔም ሄድሁ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አልገባሁም፤ ከደጃፉ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የኔታ ስኒከሩን አወለቁ፤ ቀንዱን ከጎኑ አቆሙት፤ በነጭ ካልሲያቸው ገቡ። መቋሚያው መሬቱን ሲመታ፣ ከኋላው እግራቸው ሲከተል ከውጭ ይሰማኝ ነበር። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። የሚጎትቱት እግር አልነበረም። ኮቴ ላይ አልሳሳትም።

ሲወጡ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ አላነሳሁም። ቀንዱን አነሱት፣ ተረከዛቸውን በሱ ላይ አንሸራተው አስገቡ፣ የቆዳው ግድግዳ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ዞረው ወደኔ እግር አዩ።

«ወንድሜ፣ የራስህን ጫማ እኮ ረግጠኸዋል» አሉኝ።

አቀርቅሬ ተረከዜን በጣቴ አስገባሁ፤ ከዚያ አብረን ቁልቁል ወረድን።